ትምህርት ቤት የቀረ መስሎኝ ነበር፦ የልጅነትና የአዋቂነት ማሸማቀቅ

የማለዳ_ጎህ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ልጅ ሳለሁ እንተባተብ ነበር። ተነሽና አንብቢ ስባል የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተይዤ ስቀር፣ ከኋላ ያሉት ልጆች ያንኑ ፊደል ቀስ እያሉ ይደጋግሙታል። መምህሩ ቀና ሲል ጸጥ ይላሉ፤ ወደ መጽሐፉ ሲመለስ እንደገና ይጀምራሉ። ከዚያ ሁሉ ግን እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው የዴስኩ ነገር ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ጠዋት ጠዋት ዴስኳን ከእኔ በጣት ስፋት ታርቃለች። አንዲት ቃል አትናገርም፣ አትሰድበኝም። አርብ ሲደርስ በመካከላችን ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ይፈጠራል። ሰኞ ክፍሉ ተጠርጎ ዴስኮቹ ተስተካክለው እናገኛቸዋለን፤ እሷም ከመጀመሪያው ትነሳለች።

ተምሬ ሥራ ስይዝ ይህ ነገር አብቅቷል ብዬ ነበር። አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት የሚሰድበኝ የለም። ነገር ግን ስብሰባ ላይ መናገር ስጀምር የክፍል ኃላፊያችን ሰዓቱን ያያል፤ ሌሎቹ ደግሞ እሱን ያያሉ። የጻፍኩት ሪፖርት ስሜ ተሰርዞ ይቀርባል። ሥራ የሚከፋፈለው እኔ በሌለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው፤ በማግስቱ "እንዴት አላወቅሽም?" ተብዬ በሰው ፊት እጠየቃለሁ። ለአንዲት ባልደረባዬ ባዋያት "አዋቂ አይደለሽም እንዴ? ለምን ሆድሽ ታስገቢዋለሽ?" አለችኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ልጅ ሲሸማቀቅ ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ አዋቂ ሲሸማቀቅ ግን የሚወቀሰው ራሱ ነው። ለኔ ድርጊቱ ያው ነው፤ አሁን ግን የሥራ ስም ወጥቶለታል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ንባብ_ወዳድ፦

እህቴ፣ ያነሳሽው ነገር ብዙ የተጠና ነው። ዳን ኦልቬውስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ሲያጠና ሦስት መለያ አስቀምጧል፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና በአጥቂውና በተጠቂው መካከል የኃይል ልዩነት መኖሩ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ልጆች ቢጣሉ ጠብ ነው። ኃይል ሲባል ደግሞ ጡንቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የክፍሉን ሳቅ በእጁ ያደረገ ልጅ ከሁሉም ይበረታል።

ኖርዌይ አገር አቀፍ ዘመቻ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1982 መጨረሻ ላይ በአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል ሦስት ታዳጊ ወንዶች ሕይወታቸውን አጥፍተው ነበር፤ መንስኤው በእኩዮቻቸው የደረሰባቸው ጥቃት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ልጆች ናቸው፣ ያድጉና ይተዉታል የሚለው አባባል እዚያ ላይ ተሰበረ።

ለአዋቂዎች የተደረገው ደግሞ እዚያው ስዊድን ነው። ሃይንዝ ላይማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሥራ ቦታ ማሸማቀቅን አጥንቶ 45 ድርጊቶችን ዘርዝሯል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ከተደጋገሙ ማሸማቀቅ ናቸው አለ። ዝርዝሩን ብታይው አብዛኛው ለብቻው ሲታይ እዚህ ግባ የማይባል ነው፦ ንግግር ማቋረጥ፣ እንደሌለ ሰው መቁጠር፣ ትርጉም የሌለው ሥራ መስጠት፣ ከኋላ ማማት። አንቺ የጻፍሽው በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። ስዊድን ይህን የሚመለከት የሥራ ቦታ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

መምህር_ነኝ፦

ብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከሁለቱ የልጁ ይብሳል ባይ ነኝ።

አዋቂ ሰው "የማትረባ" ሲባል ቢያመውም፣ ያንን ቃል የሚመዝንበት ያለፈ ኑሮ አለው። የሠራው ሥራ አለ፤ የሚወዱት ሰዎች አሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ገና ማን እንደሆነ ከሌሎች አፍ እየሰማ የሚማር ፍጡር ነው። "ገማህ" ያሉት ልጅ ቤቱ ሄዶ ሦስቴ ይታጠባል። ሐሰት እንደሆነ ሊያስብ አይችልም፤ የክፍሉ ልጆች በሙሉ እንዴት ሊሳሳቱ ይችላሉ?

ደግሞም ልጅ ክፍሉን አይመርጥም። አዋቂ ቢያንስ ሥራ ይለቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ለረጅም ጊዜ አጥቂና ተጠቂ ብቻ ነበር የሚታየኝ። የፊንላንዷ ተመራማሪ ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት የቀረውን ክፍል ምን እንደሚሠራ ነው የሚያሳየው፦ አጥቂውን የሚያግዙ አሉ፣ እየሳቁ የሚያሟሙቁ አሉ፣ ዞር ብለው የሚሄዱ አሉ፣ ጥቂቶች ደግሞ ለተጠቂው ይቆማሉ። ከዚህ የተነሣ ኪቫ የተባለ መርሐ ግብር ተዘጋጅቶ በፊንላንድ ትምህርት ቤቶች በሰፊው ተዘርግቷል። እኔም አሁን መጀመሪያ የማናግረው የሚስቁትን ነው፤ አንድ በአንድ፣ ለየብቻ። ብዙዎቹ ራሳቸው ፈርተው ነው የሚስቁት፤ ሲጠየቁ ወዲያው እንባቸው ይመጣል። ሳቂ ያጣ ጉልበተኛ ብዙ አይቆይም።

የሌሊት_ፈረቃ፦

መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። "አዋቂ ቢያንስ ሥራ ይለቃል" ያሉት እኔን አይገልጸኝም። ሥራ የምለቀው በየትኛው ኪራይ፣ በየትኛው የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው? የሚቀጥለው ቀጣሪ ደውሎ ስለኔ የሚጠይቀውስ ማንን ነው? ያንኑ ሰው ነው።

ነርስ ነኝ። በፈረቃ ርክክብ ላይ አንዲት ሲኒየር የሌሎቹን ታካሚዎች ሁኔታ አንድ በአንድ ትዘረዝርና የኔ አልጋዎች ጋ ስትደርስ "ፋይሉ ላይ አለ" ብላ ታልፋለች። ሁልጊዜ የኔ ላይ ብቻ። ፋይሉን ሳገላብጥ ከገጾች በኋላ ታካሚው ለአንድ መድኃኒት አለርጂክ መሆኑን አገኛለሁ። ይህንን ለማን ትከሳለህ? "ፋይሉ ላይ አለ" ማለት ጥፋት ነው? አይደለም። እኔን ለመጉዳት የተደረገው ነገር ግን አልጋው ላይ የተኛው ሰው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ልጅ አልቅሶ ቤቱ ሲገባ ቢያንስ "ምን ሆንክ?" የሚለው ሰው ይኖራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እኔ ቤቴ ስገባ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ልጆቼ ፊቴን አይተው እንዳይጨነቁ በር ላይ ቆም ብዬ ፊቴን አስተካክላለሁ።

መምህር_ነኝ፦

የሌሊት ፈረቃ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። የኪራዩንና የቀጣሪውን ነገር አልመዘንኩትም ነበር። ልጁ ይብሳል ከሚለው ባልወጣም፣ "ሥራ ይለቃል" የሚለው ትልቅ መከራከሪያ እንዳልሆነ ተቀብያለሁ።

ቁም_ነገር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና የተለየ ሐሳብ አለኝ። አሁን አሁን አለቃ በተናገረ ቁጥር "ተሸማቀቅሁ" የሚል ሰው በዝቷል። እኔ ኃላፊ ነኝ። የዘገየ ሥራ "ዘግይቷል" እላለሁ፤ የተበላሸ ሥራ እመልሳለሁ። ይህ ሁሉ ማሸማቀቅ ከተባለ ማንም ማንንም ማረም ሊተው ነው። ጎህን አይመለከትም፤ መስመሩ የት እንደሆነ ግን ይነገረን።

የማለዳ_ጎህ፦

ቁም ነገር፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ አልተቀየምኩም። ከዚህ በፊት በጣም ኃይለኛ የሆኑ አለቃ ነበሩኝ። ሪፖርት ሲመልሱ በቀይ ብዕር ሞልተውት ነው። ግን ምን እንደጎደለ ይጽፉ ነበር፤ የሁሉንም እንደዚያው ነበር የሚመልሱት፤ ያሉትን ካስተካከልኩ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ከእሳቸው ጋር ስሠራ አለቅሳለሁ ግን እማራለሁ።

አሁን ባለሁበት ግን የማስተካክለው ነገር የለም። አጭር አድርጌ ብጽፍ "ይህ ምንድን ነው፣ ዝርዝር የለውም" እባላለሁ። ዘርዝሬ ሳመጣ "ማን ያነበዋል?" ይባላል። ምን ባደርግ እንደሚበቃ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ቁም_ነገር፦

ገባኝ። "ምን ባደርግ ይበቃል?" ለሚል ጥያቄ መልስ የሌለው ኃላፊ ሥራ እያረመ አይደለም። በዚህ እስማማለሁ።

ሁለቱንም_ያየ፦

በሁለቱም ውስጥ ያለፍኩ ሰው ነኝና ስለ ግንኙነታቸው ልናገር።

ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሚጠብቁኝ ልጆች ለመዳን የተማርኩት አንድ ዘዴ አለመታየት ነበር። ደወል ሲደወል ቶሎ አልወጣም፤ በመጨረሻም አልወጣም፤ መሐል ላይ ተቀላቅዬ እወጣለሁ። ጥያቄ ባውቅም እጄን አላወጣም። ለልጅነቴ ጠቅሞኛል፤ በዚያ ዕድሜ ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም። ችግሩ፣ ሰውነቴ ይህንን ዘዴ ይዞት አደገ። አንድ ባልደረባዬ በአሽሙር መናገር ሲጀምር አእምሮዬ መልስ እያለው ትከሻዬ ይሰበሰባል፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ዓይኔ ወደ ታች ይወርዳል። ያ ሰው ደግሞ ይህንን ያነበዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ማን ዝም እንደሚል ለማወቅ ትንሽ ነገር ወርወር አድርገው ያያሉ፤ ካለፈላቸው በሚቀጥለው ጨመር ያደርጋሉ።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ልጆችን ከዚያ ጀምሮ እየተከታተለ ያለ ትልቅ ጥናት አለ። ልጆቹ 7 እና 11 ዓመት ሲሆናቸው ወላጆቻቸው ልጃቸው በሌሎች ልጆች ይሸማቀቅ እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ትንተና እንደሚያሳየው፣ ደጋግመው ይሸማቀቁ የነበሩት በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ጭንቀትና ድብርት ከሌሎቹ ይበልጥ ይታይባቸዋል፤ በ50 ዓመታቸውም ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትና ኑሯቸው የሳሳ ሆኖ ተገኝቷል። አርባ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ይህንን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ ስለ አንዱ ሰው ዕጣ አይደለም፤ ተሸማቅቀው አድገው ደህና የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የምለው "ልጅነት ነው፣ ያልፋል" እያልን የምናልፈው ነገር ልጁ አድጎ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥም አብሮት ሊቀመጥ ይችላል ነው። እኔን የረዳኝ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ነበር፤ በተለይ ትከሻዬ መሰብሰብ ሲጀምር ቀድሜ ማወቅን ተለማመድኩ። አሁንም ይሰበሰባል። ግን "ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ረጋ ብዬ። አሽሙር ማብራሪያ ሲጠየቅ አፍ ያጣል።

የሰው_ኃይል_ባለሙያ፦

ከወዲያኛው ወገን ያለውን ልንገራችሁ። የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሰው መጥቶ "ያሸማቅቀኛል" ሲለን ምን እንዳደረገ እንጠይቃለን። "ሰዓቱን ያያል" ይላል። በዚህ ላይ ምን ይጻፋል? ብዙ ጊዜ የሚጻፈው "የባሕርይ አለመጣጣም" የሚል ነው። ከሳሹ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ተከሳሹ ባለበት ይቀራል። ይህ ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው የምጽፈው።

ሦስት ነገር ቢመጣልን ግን ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። ቀን፣ የተባለው ቃል እንደተባለ፣ እዚያ የነበሩ ሰዎች። "ሁልጊዜ ይንቀኛል" የሚለውን ማንም ሊያስተባብለው ይችላል። "ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ እንዲህ ስል እንዲህ ተባልኩ፣ እገሌና እገሊት ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ይህንን ኢሜይል ጻፍኩ፣ መልስ አልመጣም" የሚል ግን ሲደረደር ራሱ ይናገራል። ያን ጊዜ ሰዓት ማየቱ፣ ስም መሰረዙ፣ ከግሩፕ መቅረቱ አንድ ላይ ይታያሉ።

ላይማን ስድስት ወር ያለው ለጥናት መለኪያ ነው፤ እስከዚያ ታገሱ ለማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳን ሲተረጉም አንድ ጊዜ የተፈጸመም ሆነ የተደጋገመ ይላል። አካላዊ ጉዳት ብቻ ሳይሆን ሥነ ልቦናዊውንና ኢኮኖሚያዊውንም ይጨምራል። ቋሚ ሠራተኛን ብቻ አይደለም የሚሸፍነው፤ ተለማማጅና ሥራ ፈላጊም አለበት። በሥራ ጉዳይ በስልክና በኢንተርኔት የሚደረግ ግንኙነትም ገብቷል። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2021 ሲሆን፣ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ ደንብ ካለው መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

የሁለት_ልጆች_አባት፦

እኔ የአዋቂውን ትቼ የልጄን ልጠይቅ። ትልቁ ልጄ አሥር ዓመቱ ነው። እሑድ ማታ ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ሐኪም ቤት ወስደነው ምንም አልተገኘም። ሲቆይ ሦስት ልጆች እረፍት ላይ እንደማያጫውቱት፣ ኳስ ሲመጣለትም "አትንካ፣ ይረክሳል" እንደሚሉት ነገረኝ። ወንድሜ "መልሶ ይምታቸው" ይላል። እናቴ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ትላለች። ግራ ገብቶኛል።

መምህር_ነኝ፦

ወንድሜ፣ ልጅዎ ነግሮዎታልና ትልቁ ነገር ተሠርቷል። ብዙዎች አይናገሩም።

"መልሰህ ምታ" የሚለውን አልመክርም። አንድ ለሦስት ነው፤ ካልቻለ ሁለተኛ ውርደት ይጨመርበታል፤ ከመታ ደግሞ መምህሩ የሚያየው የእሱን ቡጢ ብቻ ነው። የእናትዎም ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ልጁ ብቻውን ዝም ሲል ሦስቱ የሚሰሙት "ይቻላል" የሚለውን ነው።

ልጁን "አንተስ ምን አድርገህ ነው?" ብለው አይጀምሩ። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ" ይበሉት። ቀጥሎ የሚያደርጉትን ነገር ሳይነግሩት አያድርጉ፤ ልጆች ከሁሉ የሚፈሩት ወላጅ ትምህርት ቤት መጥቶ ሲጮህ ነው። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ለብቻቸው ያግኙ፤ ከልጆቹ ወላጆች ጋር በር ላይ አይጋፈጡ። መምህሩን የሚጠይቁት "ቅጡልኝ" ብለው ሳይሆን "እረፍት ላይ ማን ያያቸዋል? በሳምንቱ መጨረሻ ምን እንደታየ እንነጋገር?" ብለው ይሁን። ከክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሚቀርበው አንድ ልጅ ካለ ቤት ይጥሩት። አንድ ጓደኛ ያለው ልጅ አንድም ከሌለው ልጅ በጣም ይለያል።

ንባብ_ወዳድ፦

መምህር ስለ ሳቂዎቹ ካነሱት ጋር የሚሄድ ነገር ላክል። በካናዳ የትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳዎች ላይ ካሜራና ማይክሮፎን ተጠቅመው ተመራማሪዎች ልጆችን ሲከታተሉ፣ በአብዛኛው የማሸማቀቅ ድርጊት ላይ ሌሎች ልጆች ቆመው ሲያዩ ተገኝተዋል። ጣልቃ የሚገቡት ጥቂቶች ነበሩ። ጣልቃ ሲገባ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ድርጊቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ስለ አዋቂዎች እንዲህ በካሜራ የተያዘ አላየሁም። ግን ጎህ የጻፈችውን ስብሰባ አስቡት፦ "ሌሎቹ ደግሞ እሱን ያያሉ" ነው ያለችው። ከእነዚያ አንዱ "ጎህ ትጨርስ" ቢል ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ልጅነትና አዋቂነት ለኔ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። አዋቂው ግን የሚያጣው ነገር ስላለ ለሌላ ለመቆም ከልጁ ይበልጥ ይፈራል።

የሌሊት_ፈረቃ፦

እውነት ነው። እኔን ያተረፈኝ አንድ ጀማሪ ነርስ ነው። "ፋይሉ ላይ አለ" ስትል "ለሁላችንም ያንብቡልን፣ እኔም ብሰማው ይጠቅመኛል" አላት። ክስ የለበትም፣ ጠብ የለበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ የኔም አልጋዎች ይነበባሉ። ሌላው ነገሯ አልተለወጠም፤ ይህ ግን ተለውጧል።

የማለዳ_ጎህ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስጽፍ የትኛው ይብሳል ብዬ ነበር የጠየቅሁት። አሁን ግን መልሱን ብዙም አልፈልገውም። መምህር ያሉት ልጅ ውስጤ አለች፤ የሌሊት ፈረቃ ያለችውም ሴት እኔ ነኝ።

በሚመጣው ስብሰባ አቀርበዋለሁ ብዬ ያሰብኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ የሥራ ክፍፍል በኢሜይል ለሁሉም ይላክ። ስለራሴ አላነሳም። ሁለት ባልደረቦቼን አስቀድሜ አነጋግሬያለሁ፤ አንዷ እደግፍሻለሁ ብላለች፣ ሌላው ገና አልመለሰልኝም። ማስታወሻም ጀምሬያለሁ፤ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው የምጽፈው። ችግር ይኖረዋል?

የሰው_ኃይል_ባለሙያ፦

አዎ፣ ችግር አለው። የቢሮው ኮምፒውተር የቢሮው ነው፤ ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል፣ በሆነ ቀን መግቢያሽ ቢዘጋ ማስታወሻሽም አብሮ ይቀራል። በራስሽ ደብተር ላይ በእጅሽ ጻፊ፣ በየዕለቱ፣ ቤት አስቀምጪው። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢራዊ ሰነድ ግን ገልብጠሽ እንዳትወስጂ፤ ያ በራስሽ ላይ ክስ ይሆናል። የኢሜይሉን ጥያቄ በቃል ካቀረብሽ በኋላ በዚያው ቀን "ዛሬ በስብሰባው ላይ እንዳነሳሁት" ብለሽ በጽሑፍ ላኪው። እደግፍሻለሁ ያለችሽንም ግልባጭ አድርጊያት፣ መጀመሪያ ፈቃዷን ጠይቀሽ።